ሰውነት ነገን ይቀድማል? ከሆድ ባር ባር ማለት እስከ ቤተ ሙከራ

ከሆለታ በጭልሞ ደን ግርጌ ባለችው ጊንጪ በኩል እስከ አምቦና ጉደር ባለው መስመር፣ ያልደረሰ ነገር ለሰው ሲነገረው መልእክተኛው ብዙ ጊዜ የራሱ አካል ነው። የዓይን ቆብ ይርገበገባል፤ መዳፍ ይበላል፤ ጆሮ ይጮኻል፤ መንገድ የጀመረ እግር ደጃፍ ላይ ይደናቀፋል፤ ሆድ ባር ባር ይላል። አማርኛ ተናጋሪው ምልኪ ይለዋል፣ ኦሮምኛ ተናጋሪውም ሚልኪ። በሌላው የዓለም ጥግ ደግሞ ካለፈው ምዕተ ዓመት 70ዎቹ ወዲህ ጥቂት ተመራማሪዎች በሰው ጣት ላይ ሽቦ እያሰሩ፣ ኮምፒውተር በዕጣ የሚያወጣውን ሥዕል ገና ሳይታይ ሰውነት ያውቀው እንደሆነ ሲለኩ ኖረዋል። (ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ በወሬ ሲገናኙ “አያቶቻችን የሚያውቁትን ሳይንስ አሁን ደረሰበት” የሚል ድምዳሜ ይወለዳል። ድምዳሜው የሚጥመውን ያህል የተጣደፈ ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ጥያቄዎች እዚህ ተቀላቅለዋል። ሰውነት አሁን ካሉ ፍንጮች ተነስቶ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው፣ ሊመጣ ያለውን ይገምታል ወይ? ምንም ፍንጭ በሌለበት፣ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ በዕጣ የሚወሰን ነገር አስቀድሞ ይሰማዋል ወይ? በሩቅ ያለ ዘመድ ላይ የሚደርስ መከራ ከቀናት በፊት በሆድ ወይም በዓይን ቆብ ይታወቃል ወይ? የመጀመሪያው መልስ አለው። ሁለተኛው ብዙ ተመርምሯል፣ ጭቅጭቁም የበዛው እሱ ላይ ነው። ሦስተኛው የእኛው ነው፤ ቤተ ሙከራው ግን ያልጠየቀው ጥያቄ ነው።

የምልኪ ሥር

ምልኪ ሁሉ የአካል አይደለም። የወፍ ድምፅ፣ መንገድ ያቋረጠ አውሬ፣ የታረደ ከብት ሞራ ከሰው ውጭ ያሉ ምልክቶች ናቸው፤ ሞራውን የሚያነብም ባለሙያ አለ፣ ሞራ ገላጭ። እንደ አውደ ነገሥት ያሉት መጻሕፍት ደግሞ ስምን በቁጥር አስልተው ዕድል ይናገራሉ። የአካሉ ምልኪ ከእነዚህ የሚለየው አንባቢ ስለማያስፈልገው ነው። ማንም ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ በራሱ ገላ ላይ ያየዋል፤ ትርጉሙን ከእናቱ ወይም ከጎረቤት ይማራል፤ ለማንም አይከፍልም። ቃልቻውም ደብተራውም በሌለበት ዘመን የሚዘልቅ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይኸው ርካሽነቱ ይመስለኛል።

የምዕራብ ሸዋንና የወለጋን ሥርዓት ያጠኑ ምሁራን ትኩረታቸው በአብዛኛው ከአካል ውጭ ባለው ላይ ነበር። ስዊድናዊው ካርል ኤሪክ ክኑትሰን በሜጫ ኦሮሞ የቃሉ (የነባሩ ሃይማኖት መሪ) ሥርዓት ላይ ያዘጋጀው ጥናት በ1967 ታትሟል፤ ለብዙ ዓመታት በወለጋ የኖረው ሆላንዳዊው ካህን ላምበርት ባርትልስ ስለ ምዕራብ ኦሮሞ ሃይማኖት የጻፈው መጽሐፍ በ1983 ወጥቷል። ከሁለቱ ሥራዎች አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ በባህሉ አረዳድ የሚያውቀው ሥጋው ሳይሆን አያናው፣ በላዩ የሚያድረው መንፈስ፣ ነው፤ ሰውየው ማደሪያ ወይም መተላለፊያ ነው። በክርስትናም በኩል ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ኦርቶዶክሱም፣ በአካባቢው ብዙ ምእመን ያለው ፕሮቴስታንቱም፣ ትንቢትን የመንፈስ ስጦታ ብለው ይቀበላሉ፤ ምልኪን ግን ይነቅፋሉ፤ የሚጠቅሱትም ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18ን ነው። ስለዚህ ነባሩ ክርክር “ሰው ነገን ማወቅ ይችላል?” የሚል አልነበረም። እሱን ሁሉም ወገን ይቀበለዋል። የተጣሉት “በማን በኩል?” በሚለው ላይ ነው። ሥጋ ራሱ፣ ያለ መንፈስ፣ በነርቭና በላብ ወደ ፊት ይሰማል የሚለው አሳብ ለእነዚህ ወገኖች ሁሉ ባዕድ ነው፤ የቤተ ሙከራ ልጅ ነው።

የአካል ምልኪ የኢትዮጵያ ብቻም አይደለም። በግሪክ ጥንታዊ ጽሑፎች ውስጥ የየአካሉን መርገብገብ እየዘረዘረ ትርጉም የሚሰጥ፣ ሜላምፑስ ለተባለ ሰው የተሰጠ መጽሐፍ አለ፤ ዓረቦችም በዚሁ ላይ የራሳቸው ዕውቀት ነበራቸው። ዝርዝሮቹ እርስ በርስ አይስማሙም። እኛም ዘንድ የቀኙ ዓይን ይሁን የግራው፣ የላዩ ቆብ ይሁን የታቹ፣ ደስታ ያምጣ ለቅሶ፣ ከቤት ቤት ይለያያል። ይህ አለመስማማት ለፈታኝ ትልቅ ችግር ነው፦ ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ ካልተቆረጠ፣ የመጣው ነገር ሁሉ ትርጉሙ ይሆናል።

ስለ ዓይን ቆብ ሐኪሞች የሚሉት አጭር ነው። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የዓይን መዛልና ካፌይን የቆቡን ጡንቻ ያንቀጠቅጡታል፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይተዋል። ሦስተኛውን ስኒ ከጠጡ በኋላ ዘመድ ቤት መደወል እንግዲህ የጠጪው ፈንታ ነው።

ሰውነት የሚቀድማቸው ነገሮች

ፍንጭ ባለበት ሰውነት እንደሚቀድም ማስረጃው ብዙ ነው። የማይስማማ ደም የተሰጠው ሕመምተኛ፣ ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ ሊይዘው ያለ ሰው፣ አንዳንዴም ድንገተኛ የልብ ሕመም የጀመረው፣ ሌላው ምልክት ሳይጎላ “ልሞት ነው” የሚል ስሜት ይይዘዋል። የሕክምና መጻሕፍት ይህን ስሜት ከምልክቶቹ አንዱ አድርገው ይጽፉታል፤ ነርሶችም ደም ሲሰጡ ሕመምተኛው እንዲህ ካለ ቧንቧውን እንዲዘጉ ይማራሉ። እዚህ ሆድ ባር ባር ማለቱ እውነተኛ መረጃ ነው። ነገር ግን ሰውነቱ የሰማው ነገን ሳይሆን የራሱን ደም ነው፤ አደጋው ገብቷል፣ ባለቤቱ ገና አልሰማም።

ይህን ልዩነት በደንብ ያሳየው የአዮዋው የካርታ ሙከራ ነው። አንቷን ቤሻራ፣ አንቶኒዮ ዳማዚዮና ባልደረቦቻቸው በ1997 ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ተጫዋቾች ከአራት የካርታ ክምሮች ይስቡ ነበር። ሁለቱ ክምሮች መጀመሪያ ብዙ ያበላሉ፣ ቆይተው ያከስራሉ። ወደ 10ኛው ካርታ ግድም፣ እጃቸው ወደ ክፉው ክምር ሲሄድ መዳፋቸው ያልበው ጀመር፤ “ይሄኛውስ ደስ አላለኝም” ያሉት ግን ወደ 50ኛው ላይ ነው፤ ምክንያቱን መናገር የቻሉት ወደ 80ኛው ሲደርሱ። በ2004 ቲያጎ ማያና ጄምስ ማክሌላንድ ጥያቄውን አጥብቀው ሲጠይቁ ተጫዋቾቹ ከታሰበው ቀድመው ያውቁ እንደነበር አሳዩ። ስለዚህ ላቡ አእምሮን በምን ያህል ይቀድማል የሚለው አሁንም ያከራክራል። ማንም ያልተከራከረበት ነገር ግን አለ፦ ላቡ የመጣው ካለፉት ካርታዎች ነው።

“አጥንቴ ዝናብ ሸተተው” የሚሉ አዛውንቶች ጉዳይ መካከል ላይ ይወድቃል። በ2017 የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ቢ.ኤም.ጄ. ያወጣው ጥናት የአሜሪካ አረጋውያን ሐኪም ዘንድ የሄዱባቸውን ከ11 ሚሊዮን በላይ ጉብኝቶች ከዝናብ ቀኖች ጋር አነጻጽሮ ግንኙነት አላገኘም። ከሁለት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ 2,658 ሰዎች ሕመማቸውን በየቀኑ በስልካቸው ሲመዘግቡ፣ ከአየር እርጥበት፣ ከአየር ግፊትና ከንፋስ ጋር አነስተኛ ግንኙነት ታየ። ልዩነቱ ከመለኪያው ይመስላል፤ ሐኪም ቤት መሄድና ጉልበት መጠዝጠዝ አንድ አይደሉም። የሆነው ሆኖ የግፊት ለውጥ ከዝናቡ በፊት እዚያው አየር ውስጥ ያለ ነገር ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥም እንዲሁ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ውሾች ቀድመው አወቁ የሚል ወሬ መምጣቱ አይቀርም። የመጀመሪያው፣ ለሰው እምብዛም የማይሰማው ሞገድ በሰከንድ ወደ 6 ኪሎ ሜትር፣ ቤት የሚያነቃንቀው ሁለተኛው ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። 150 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚገኝ ውሻ በሁለቱ መካከል 18 ሰከንድ ያህል አለው። ለመጮኽ ይበቃል።

ዕጣው ከመውጣቱ በፊት

ወደ ከባዱ ጥያቄ የሚያስገባው ሙከራ አሠራሩ ቀላል ነው። ተፈታኙ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል፤ በግራ እጁ ሁለት ጣቶች ላይ ኤሌክትሮድ ይታሰራል። ላብ ሲመነጭ ቆዳ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይጨምራል፤ መሣሪያው ዓይን የማያየውን ለውጥ ይመዘግባል። ቁልፍ ሲጫን ስክሪኑ ለ5 ሰከንድ ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ ለ3 ሰከንድ ሥዕል ይወጣል። ሥዕሉ ወይ የሚያረጋጋ ነው፣ ለምሳሌ መስክ ወይም ሐይቅ፤ ወይ ስሜት የሚያናውጥ ነው፣ ለምሳሌ የተቆራረጠ ሬሳ ወይም ወሲብ። የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው ዕጣ ነው። ከሥዕሉ በኋላ ላብ መምጣቱ ያለና የነበረ ነው፤ ከ1 እስከ 3 ሰከንድ ይወስድበታል። ጥያቄው ያለው በባዶው ስክሪን 5 ሰከንዶች ውስጥ ነው፦ ሬሳው ሊመጣ ሲል መስመሩ ከሐይቁ ጊዜ ይልቅ ከፍ ይላል ወይ?

አሜሪካዊው ዲን ራዲን፣ ያን ጊዜ በላስ ቬጋስ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በ1997 “ከፍ ይላል” ሲል አሳተመ። የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲው ዲክ ቢርማን ሙከራውን ደግሞ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ፤ በ2002 ወደ አንጎል ምስል አሻገረው፤ ሌሎች ሰዎች ለሌላ ዓላማ የሰበሰቡትን የስሜት ሙከራ መረጃም እንደገና እያየ ያንኑ ምልክት አየሁ አለ። ሌሎችም የልብ ምትን እየለኩ፣ ሥዕሉን በድንገተኛ ጩኸት እየተኩ ቀጠሉ።

የደጋፊዎቹ ጠንካራ ማስረጃ በ2012 መጣ። ጁሊያ ሞስብሪጅ፣ ፓትሪዚዮ ትሬሶልዲና የስታቲስቲክስ ምሁሯ ጄሲካ አትስ ከ1978 እስከ 2010 የተሠሩ 26 ጥናቶችን ደምረው መዘኑ። ያገኙት የውጤት ልክ 0.21 ነበር፤ በስነ ልቦና መለኪያ ትንሽ ነው፣ ዜሮ ግን አይደለም። ውጤት ያላገኙ ጥናቶች በየመሳቢያው ቀርተው ይሆናል ለሚለው ትችትም መልስ አዘጋጁ፦ ይህን ለማፍረስ ያልታተሙ 87 ተቃራኒ ጥናቶች ያስፈልጋሉ። በ2018 ማይክል ዱጋንና ትሬሶልዲ 19 አዳዲስ ጥናቶችን ደምረው 0.28 አገኙ። ይህ ክምር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ “የጠንቋይ ነገር” ብለው የሚያልፉት ተቺዎች ያላነበቡት ናቸው። ያነበቡት ሌላ ነው የሚሉት።

ተቺዎቹ ምን አሉ?

በጣም የሚስበው ትችት ስለ ተስፋና ጥበቃ ነው። ተፈታኙ ሦስት የሚያረጋጉ ሥዕሎች ተከታትለው ከወጡ በኋላ “አሁንስ ክፉው ነው” ብሎ ይጠብቃል፤ ጥበቃው በጨመረ ቁጥር መዳፉ ያልበዋል። ክፉው ሲወጣ “ወጣልኝ” ብሎ ይረጋጋል፣ ቆጠራውም ከሥሩ ይጀምራል። እንግዲህ ከክፉው ሥዕል በፊት ያለው መስመር ከፍ ብሎ ቢታይ ምን ይደንቃል? ነገሩ ግን የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ዕጣው እውነተኛ ከሆነና የወጣው ተመልሶ ከገባ፣ ሙከራውም እጅግ ብዙ ከሆነ፣ የከንቱ ጥበቃዎቹ ብዛት ልዩነቱን ያጣፋዋል። የማያጣፋው እያንዳንዱ ሰው ጥቂት አሥር ሥዕሎች ብቻ አይቶ አማካዩ በየሰው ሲሰላ ነው። የወጣው ሥዕል ተመልሶ ካልገባ ደግሞ ይብሳል፤ የሚያረጋጉት እያለቁ ሲሄዱ ጥበቃው ትክክለኛ ሒሳብ ይሆናል። ስዊድናዊው ያን ዳልክቪስትና ባልደረቦቹ ይህን በኮምፒውተር አስመስለው አሳይተዋል፤ ከአብሮ ጸሐፊዎቹ አንዱ ራሱ ቢርማን መሆኑ ለሰውየው ምስጋና ነው። ደጋፊዎቹ መረጃችንን ፈትሸን የጥበቃ አሻራ አላገኘንም ይላሉ፤ ተቺዎቹ አሻራው በአማካይ ውስጥ ይሰወራል ይላሉ።

ሁለተኛው ትችት ስለ ነፃነት ነው። ከ5ቱ ሰከንዶች የትኛው ይቆጠር? መነሻው የት ይሁን? ላብ ያላሳየ ሰው ይውጣ ወይስ ይግባ? እነዚህ ውሳኔዎች መረጃው ከታየ በኋላ ከተወሰኑ፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ ባዶ መስክ ላይ መንገድ ይታያል። ሳሙኤል ሽዋርትስኮፍ በ2014 በጻፈው ትችትም ደካማ ጥናቶችን መደመር ጠንካራ ጥናት እንደማይሰጥ አስታውሷል። የመሳቢያው ሒሳብም፣ 87ቱ፣ ያልታተሙትን ብቻ ነው የሚገምተው፤ ታትመው የተጣመሙትን አይመለከትም።

ጉዳዩን ወደ አደባባይ ያወጣው ግን ላብ ያልለካ ጥናት ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ዳሪል ቤም በ2011 ከ1,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 9 ሙከራዎች በታላቅ የስነ ልቦና መጽሔት አሳተመ። በአንዱ፣ 100 ተፈታኞች ከሁለት መጋረጃዎች የወሲብ ሥዕል የሚወጣበትን 53.1 በመቶ መቱ፤ የዕጣው ልክ 50 ነው። ሪቺ፣ ዋይዝማንና ፍሬንች የተባሉ ተመራማሪዎች አንዱን ሙከራ ሦስት ጊዜ ደገሙት፣ አልወጣም፤ ጋላክና ባልደረቦቹ በ7 ሙከራ ከ3,000 በላይ ሰው ፈተኑ፣ አልወጣም። ብዙ የስነ ልቦና ሰዎችን ያስደነገጠው የቤም ድምዳሜ አልነበረም። ቤም የተጠቀመበት ዘዴ የእነሱው የዕለት ተዕለት ዘዴ መሆኑ ነው። በዚያ ዘዴ ነገን ማየት ከተቻለ፣ በዚያው ዘዴ የተገኘው ሌላው ዕውቀትስ? በ2015 የታተመው፣ 100 የስነ ልቦና ጥናቶችን የደገመው ታላቅ ሥራ ጉልህ ውጤት ያገኘው በ36 በመቶው ብቻ ነው።

በ2023 ዞልታን ኬኬችና ባልደረቦቹ የቤምን የመጋረጃ ሙከራ በ9 አገሮች ባሉ 10 ቤተ ሙከራዎች ደገሙት። ደጋፊና ተቃዋሚ ተቀምጠው ደንቡን አስቀድመው ተስማሙበት፤ መረጃው እንደተሰበሰበ ለሕዝብ ይታይ ነበር፤ ማንም ኋላ የሚቀይረው ነገር አልተተወም። 2,115 ሰዎች፣ 37,836 ሙከራ፦ 49.89 በመቶ። ሳንቲም ወርውሮ እንደ መገመት ማለት ነው።

ይህ ስለ ምርጫ እንጂ ስለ ላብ አይናገርም፤ ደጋፊዎቹም ይህንኑ ይሉናል፣ ሰውነት አእምሮ የማይመርጠውን ያውቃል እያሉ። መልሱ ግማሽ ያስኬዳል። እንደ እኔ ግን ሸክሙ አሁን በእነሱ ላይ ነው፤ ላቡም በዚያው ዓይነት አስቀድሞ በታሰረ ደንብ እስኪለካ ድረስ 0.21ም ሆነ 0.28 የሰውነትን ዕውቀት ይለኩ ወይም የተመራማሪውን ምርጫ መለየት አይቻልም። የፊዚክስ እኩልታዎች ጊዜን ወደ ኋላም ይፈቅዳሉ የሚለው ክርክርም ይህን አያቀልም። እኩልታው ቢፈቅድም የተሰበረ ጀበና ተገጣጥሞ አልታየም።

የጊንጪ እናት ጥያቄ

ከዚህ ሁሉ በኋላ የአገር ቤቱ ጥያቄ እንዳለ ነው። ቤተ ሙከራው 5 ሰከንድ ይለካል፤ ምልኪው ቀናትን ይሻገራል። ያኛው ቢረጋገጥ ይህኛው አይረጋገጥም፤ ያኛው ቢወድቅም ይህኛው አብሮ አይወድቅም።

ለሦስተኛው ጥያቄ የቀረበ ሙከራ የተደረገው ብሪታንያ ውስጥ ነው። በጥቅምት 1966 የዌልስ መንደር አበርፋን ላይ የድንጋይ ከሰል ፍርስራሽ ክምር ተንዶ 144 ሰው ገደለ፤ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። የአእምሮ ሐኪሙ ጆን ባርከር አስቀድሞ የተሰማቸው ካሉ እንዲጽፉ በጋዜጣ ሲጠይቅ 76 ደብዳቤ ደረሰው። ካለፈ በኋላ የሚመጣ ምስክርነት እንደማያዛልቅ ስለገባው፣ በ1967 ከኢቭኒንግ ስታንዳርድ ጋዜጣ ጋር ስሜቶች ከአደጋው በፊት የሚመዘገቡበት ጽሕፈት ቤት ከፈተ። በ15 ወር 723 ትንቢት ገባ፤ ደረሰ ተብሎ የተመዘገበው 18 ነው፣ 12ቱ ከሁለት ሰዎች ብቻ። እንኳ እነዚያን 18ቱን “ደረሰ” ያለው ዳኛ ምን ያህል ለቀቅ ያለ እንደነበር ሊጠየቅ ይችላል።

ተመሳሳዩን መዝገብ አምቦ ላይ መክፈት ብዙ አያስወጣም። ሆዷ ባር ባር ያላት ያን ሰዓት አጭር መልእክት ትልካለች፤ ሰዓቱን ስልኩ ይይዘዋል፤ ክፉ ወሬ የሚባለው ምን እንደሆነ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቆጠር አስቀድሞ ይጻፋል። መነሻው ሒሳብ ነው። ልጇን ትምህርት ቤት የላከች አንዲት የጊንጪ እናት በሳምንት አንድ ቀን ሆዷ ባር ባር ቢላት፣ ከማንኛውም ክፉ ወሬ በፊት ባሉት ሦስት ቀኖች ውስጥ ያ ስሜት የመገኘቱ ዕድል፣ በአጋጣሚ ብቻ፣ ከአሥር አራት ይደርሳል። መዝገቡ ከዚህ በላይ ካላሳየ ምንም አላሳየም። ሆድ ባር ባር ብሎ ሰላም ያደረበትም፣ ሆድ ዝም ብሎ መርዶ የመጣበትም፣ ሁለቱም መቆጠር አለባቸው፤ በትዝታ የማይቀሩት እነዚህ ናቸው።

ግን አንድ ችግር አለ፣ መልስም ያገኘሁለት አልመሰለኝም። ሆዷ ባር ባር ያላት እናት ዝም ብላ አትቀመጥም፤ ትደውላለች። ስትደውል ልጁ ሁለት ቀን የደበቃትን ትኩሳት ይነግራታል። ስሜቱ ወሬውን ቀደመው ወይስ ወሬውን አመጣው? መዝገቡ “ደረሰ” ይላል። ለሙከራው ሲባል እንዳትደውል መከልከል ደግሞ የሚቻል አይደለም፤ ቢቻልም የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይኖርም። ወይም የጥሪዎቹን ሰዓት ሁሉ አብሮ መመዝገብና እሷ ያልደወለችባቸውን፣ ወሬው በራሱ እግር የመጣባቸውን ጊዜያት ብቻ ለይቶ መቁጠር ይሆናል። እነዚያ ምናልባት በዓመት ከአንድና ከሁለት አይበልጡም፤ ስለዚህ ብዙ መቶ እናቶች፣ ብዙ ዓመታት ያስፈልጋሉ።